ከጅቡቲ መልስ፦ የመጨረሻዋን ሌሊት የት እንደር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር ነው። ጥር አጋማሽ ላይ እናቴን፣ ታላቅ ወንድሜን፣ ታናሽ እህቴንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ በወንድሜ መኪና ጅቡቲ ደርሰን ለመመለስ አስበናል። ሰኞ ተነስተን ማክሰኞ እንገባለን። እናቴ ዕድሜ ልካቸውን ባሕር አይተው አያውቁም፤ የጉዞው ምክንያት እሳቸው ናቸው። የተጣላነው በመመለሻው ነው። ወንድሜ «ቅዳሜ ጠዋት አሳል ሐይቅን እናያለን፣ ከሰዓት ገበያ እንወጣለን፣ ማታ ተነስተን ሌሊቱን ነድተን እሑድ ጠዋት ቤታችን ነን። ሌሊት ሙቀት የለም» ይላል። እህቴ ከኢድ በኋላ ሰርግ ስላላት ለገበያው ሙሉ ቀን ትፈልጋለች። እናቴ ደግሞ «የመጨረሻዋን ማታ ባሕሩ ዳር ልቀመጥ፣ ሌላው የናንተ» ብለዋል። ሰኞ ሁላችንም ሥራ እንገባለን። የመጨረሻውን ቀንና ሌሊት እንዴት ብናደርገው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አንድ ቅዳሜ ላይ አሳልን፣ ገበያውን፣ ባሕሩንና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ጭናችሁበታል። ቅዳሜን ማቃለል የሚቻለው ደግሞ ሐሙስና ዓርብን በማስተካከል ነው። ስለዚህ ገበያው ሐሙስ ይሁን፤ አሳል ዓርብ ማለዳ፤ የእናትሽ ባሕር ዓርብ ማታ። ቅዳሜን ለመንገድ ብቻ ተዉት፤ ሰመራ እደሩና እሑድ ለምሳ ደሴ ግቡ።

በመጀመሪያ የወንድምሽን ሐሳብ ላንሳ፤ እሱ ከተስማማ ሌላው ሁሉ መልክ ይይዛልና። ሌሊት ይሻላል ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ መስመር የሚሠሩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሙቀቱን ሸሽተው ሌሊት ሲነዱ ሰምቶ ይሆናል። እነሱ የሚሸሹት ግን የክረምቱን ወራት ሙቀት ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ በጥር ግን ቀትር ላይ እንኳ 30 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው። ወንድምሽ ሊሸሸው ያሰበው ሙቀት እናንተ በምትሄዱበት ወር የለም። የሌሊቱ አደጋ ግን በየወሩ አለ።

አደጋው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ስለዚህ አስፋልቱ የተሳቢዎች ነው። አንዱ ጎማ ሲፈነዳበት ወይም ሞተሩ ሲነክስበት እዚያው መንገዱ ላይ ይቆማል። አንጸባራቂ የለውም። ረዳቱ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ያገኘም እንደሆነ ይጥላል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ከፊት የሚመጣው ተሳቢ ሙሉ መብራቱን ዓይንሽ ውስጥ ሲለቅ፣ ያንን ድንጋይ የምታዪው ጎማሽ ከነካው በኋላ ነው። ግመልም አለ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ የቤት መኪና እግሩን ሲመታው ሰውነቱ የሚወድቀው መስታወቱ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ አሳልና ገበያ ሲል የዋለ ሾፌር ነው የሚጠብቀው። የአገራችንን የመንገድ ሁኔታ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ከመሸ በኋላ ማንም ለቤተሰቡ አይመርጠውም።

ለወንድምሽ ሳትረሺ የምትነግሪው ሌላም ነገር አለ። ስትሄዱ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ጅቡቲ ባሕር ዳር። ስትመለሱ ይገለበጣል፤ ከባዱ ዳገት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሚሌ ከ500 ሜትር ብዙም የማትርቅ ሜዳ ናት፤ ከእሷ ወደ ባቲ ያለው መንገድ ሽቅብ ነው፤ ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ ሐረጎ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሰው እዚህ የሚደርሰው እንቅልፍ ዓይኑን ሲጫነው ነው፤ መኪናውም እንደዚያው ግሎ ነው። ሰመራ ካደራችሁ ግን ዳገቱን የምትጀምሩት በጠዋት፣ አርፎ በተነሳ ሾፌርና በቀዘቀዘ ሞተር ነው። እኔ ሰመራን የምመርጠው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ገበያው። እህትሽ ሙሉ ቀን መጠየቋ ትክክል ነው፤ ቀኑ ግን ቅዳሜ አይሁን፣ ዓርብም አይሁን። ጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። በሌላውም ቀን ቢሆን ከቀትር በኋላ ከተማው ያርፋል፤ ጫቱ ይገባል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ ሐሙስ በጠዋት ትውጣ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ትረፍ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ያላለቀውን ትጨርስ። ሰዓት ሲነግሯችሁ የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው፤ የሆቴሉ ሰው «በ12 ሰዓት ክፍሉን ልቀቁ» ካለ ቀትር ማለቱ ነው። ፍራንክ የሚተርፍ ከመሰላችሁም ባንክ መሄጃው ሐሙስ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.7 ገደማ እንደ ተተከለ ነው፤ ዋጋውን በዶላር እያሰላችሁ ግዙ፣ ውድና ርካሹ ቶሎ ይለያል።

እህትሽ የምትገዛውን ሁሉ ደረሰኝ ትቀበል፤ ሽቶም ቢሆን፣ አባያም ቢሆን። ሚሌ ያለው የጉምሩክ ኬላ ሻንጣ ያስከፍታል፤ ከአንድ ዓይነት ዕቃ ብዙ ይዛችሁ ከተገኛችሁ «ለሰርግ ነው» ማለት ብቻውን አያሳልፍም። የሰርጉን ዕቃ ሁሉ ከጅቡቲ ልሸክም ካለች ከልክያት። ለራሷ የሚሆነውን ትግዛ፤ ለሌላው ኮምቦልቻና ደሴ ገበያ አለላት።

ስለ አደራም ልንገርሽ። ደሴዎች መሆናችሁ ሲሰማ «ይህችን ለእናቴ አድርሱልኝ» የሚል የአገር ልጅ አይጠፋም። የአገራችን ሰው አደራ አይገፋም፤ እኔም ግፉ አልልሽም። ግን ባለቤቱ ፊት ፍቱት፣ እቃ በእቃ እዩት፣ መልሳችሁ እሰሩት። ይህን የሚቀየም ሰው ካለ ዕቃው ይቅርበት። ድንበር ላይ የሚጠየቀው ሻንጣው የተገኘበት ሰው ነው፤ እናትሽን ይዛችሁ እዚያ ጥያቄ ላይ መቆም የለባችሁም።

ዓርብ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ። አሳል ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ጋላፊ የሚወስደውን ዋና መንገድ ይዛችሁ ትወጡና ወደ ታጁራ በሚገነጠለው ትታጠፋላችሁ። ወንድምሽ «ወደ ቤት ስንመለስ በዚያው እናየዋለን» ማለቱ አይቀርም፤ መገንጠያው መንገዳችሁ ላይ ነውና። ነገር ግን ገብቶ መውጣቱና እዚያ መቆየቱ ከቅዳሜ ማለዳ ላይ የተሻለውን ሰዓት ይወስድባችኋል፤ ከዚያ ጋላፊ የምትደርሱት ከቀትር በኋላ ነው። ዓርብ ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ ግን ወንዶቹ ለጁምዓ ይደርሳሉ።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ የሚል ቦታ የለም፣ የእኛው ዳሎል እንኳ ከእሱ ከፍ ይላል። ጨዋማነቱ ከባሕር ውኃ ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። ለልጅሽ ስትቃረቡ ጥቁሩን ዐለት አሳዪው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ እዚያው አጠገብ ነው። ዳሩ ላይ ያለው ጨው ነጭና ለስላሳ ይመስላል እንጂ ጠርዙ እግር ይቆርጣል፤ ልጁ ጫማውን እንዳያወልቅ። ውኃው ሰውን ያንሳፍፋል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን አያድርስ ነው። ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውኃ መኪናው ውስጥ ይሁን፤ እግርና ፊት በዚያው ካልታጠበ ጨው ቆዳ ላይ ደርቆ ይቆጠቁጣል። ጥላ የለም። እናትሽን ከመኪናው ሳይርቁ አሳዩአቸው፣ አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። መኪናውን ጨዉ ላይ አትንዱት፤ ከተማ ስትገቡም ላቫጆ ወስዳችሁ ከሥሩ በደንብ ይታጠብ።

ከጁምዓ በኋላ ሁሉም ይተኛ። በተለይ ሾፌሩ። ሻንጣ የሚታሰረውም ያኔ ነው፤ ማታ እናትሽ ባሕር ዳር ተቀምጠው እናንተ ሆቴል ውስጥ ዚፕ ስትስቡ እንዳታመሹ። ሻንጣው ከታች ወደ ላይ ይታሰብ፦ ከሥር የሰርጉ ዕቃ፣ ከላይ የሰመራው ማደሪያ ልብስና መድኃኒት፣ ከሁሉ በላይ የእናትሽ ጋቢ። እሑድ ቀትር ላይ ሐረጎን ስትወጡ ትፈልጉታላችሁ።

ስለዚያች ማታ ትንሽ ላብዛ። ይህን ያህል መንገድ የምትሄዱት ለእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሌላው የናንተ» ያለች እናት ጥያቄዋን በመጨረሻ ቦታ ማስቀመጥ ለልጆች ቀላል ነው፤ ቅር እንኳ ቢላት አትናገርም። ወንድምሽ ባወጣው ዕቅድ ቢሆን እናትሽ ባሕሩን የሚሰናበቱት ሞተሩ ተነስቶ፣ ሰው ሰዓቱን እያየ ነበር። ዓርብ ማታ ግን ከኋላው ጉዞ የለም። ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውሰዷቸው። ቀድማችሁ የሆቴሉን ሰው ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ጠይቁ፤ በከተማው ዳር ውኃው ሲሸሽ እሩቅ ይሄድና ጭቃው ብቻ ይቀራል፤ ዕድሜ ልክ ተጠብቆ ያንን ማየት አይገባም። ምንጣፍ ያዙ፣ በፔርሙዝ ቡና ያዙ። መግሪብ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ይገባል፤ ውኃው አጠገብ ይስገዱ። ልጁ ውኃ ውስጥ ከገባ ከእናንተ አንዱ አብሮት ይቁም፤ ዋና የማያውቅ የደጋ ልጅ ነው። እናትሽ «በቃኝ» እስኪሉ ማንም «እንሂድ» አይበል።

ፎቶ ስታነሱ ወደቡንና የጦር ሰፈሮቹን አትጨምሩ። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ቻይና ጦር ያሰፈሩባት ከተማ ናት፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም።

እራት በየመን አሠራር የሚጠበሰው ዓሣ ይሁን። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ በርበሬ ይቀባል፣ ከምድጃው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ዳሩ እስኪጠቁር ይጠበሳል። ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ቂጣ ከማር ጋር ፈትፍተው የሚያቀርቡበት ቤት ካገኛችሁ ለእናትሽ እዘዙላቸው፤ ፍትፍት ለሚወድ ሰው እንግዳ አይሆንም። ከእራት በኋላ የቀራችሁን ፍራንክ ቁጠሩ፦ የሆቴሉ ሒሳብ ይከፈል፣ የነገው የነዳጅና የውኃ ይለይ። ነዳጁንም በዚያው ማታ ሙሉ፤ ንጋት ላይ ማደያ ፍለጋ አትዙሩ።

ወረቀቶቹን ከመነሳታችሁ በፊት እዚህ ደሴ እያላችሁ እዩአቸው። ሰዎች ቪዛቸውንም፣ የመኪናውን የኮሜሳ ቢጫ ካርድም (ድንበር ተሻጋሪ የሦስተኛ ወገን መድን ነው) እስከ መመለሻቸው ቀን ድረስ ብቻ ቆጥረው ያወጡና አንድ ቀን ሲዘገዩ ድንበር ላይ ይያዛሉ። እናንተ ቢያንስ ሁለት ቀን ትርፍ አስቡ። መኪናው ሲወጣ ጉምሩክ የሚሰጣችሁን ወረቀት ከሊብሬው ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ አንቺ ያዢው፤ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ አይቀመጥ።

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጎማው ይንቀሳቀስ። ዲኪልን አልፋችሁ እስከ ጋላፊ ያለው ከባድ መኪና ያደቀቀው መንገድ ነው፤ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት አስቡት። ጋላፊ ከቀትር በፊት ድረሱ። የተሳቢዎቹን ሰልፍ አይታችሁ አትደንግጡ፤ የቤት መኪና ወረፋው ሌላ ነው። ግን ቀርባችሁ ሳትጠይቁ ሰልፉን በግራ አትለፉት። ከጋላፊ በኋላ ዲቾቶ አለ፣ ከዚያ ሜዳው ይዘረጋል፤ ሰመራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትገባላችሁ።

አልጋውን ከደሴ ሳትነሱ በስልክ ያዙ፤ ግቢው የሚዘጋና መኪና የሚያስገባ መሆኑን ጠይቁ። ሎግያ ቅርብ ናት፣ ምግብ ቤትም አይጠፋባትም፤ የሾፌሮች ከተማ በመሆኗ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ይሰማል። እናትሽ ይተኙ ዘንድ ሰመራ ይሻላል። አጎበር ጠይቁ። ጅቡቲም ሆነች አፋር የወባ አገር ናቸው፤ በከተማ የሚራባ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ተገኝቶ በ2016 ደግሞ አገራችን ውስጥ ታይቷል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማንኛችሁም ቢያተኩሳችሁ «ብርድ መታኝ» ብላችሁ አትተኙ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱና የት እንደ ነበራችሁ ንገሩት።

ከመተኛቱ በፊት ወንድምሽ የራዲያተሩን ውኃ፣ ዘይቱን፣ ቺንጋውንና አራቱን ጎማ ይይ፤ ስኮርታውንም ይጨምር። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ እንዳይከፍተው።

እሑድ ከሱብሒ በኋላ ተነሱ። ሚሌ ላይ ደረሰኞቹን አዘጋጅታችሁ ቅረቡ። ዳገቱ ሲጀምር የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ካልወረደ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ባቲ ሻይ ጠጡ። ገበያዋ ሰኞ ስለሆነ እሑድ መንገዱ አይጨናነቅባችሁም፤ ገበያውን ማየት የፈለገ ሌላ ጊዜ ከደሴ መጥቶ ያየዋል። ልጁ ሐረጎ ላይ እንዳያስመልሰው ምሳውን ቤት ይብላ።

የቀረው ነገር ቢዘገይስ ነው። ቅዳሜ አንድ ነገር ይሰበራል፣ ወይም ከተማው ውስጥ ትዘገያላችሁ፣ ወንድምሽም «ትንሽ ሌሊት ብንነካ ምን አለበት» ይላል። ስለዚህ ሰዓቱን ከአሁኑ ቁረጡት። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ዲኪልን ካላለፋችሁ እዚያው እደሩ፤ የአካባቢው ዋና ከተማ ስለሆነች ማደሪያ አይጠፋም። ዲኪልን በጊዜ አልፋችሁ ጋላፊ ላይ 10 ሰዓት ከሆነባችሁ ደግሞ ዲቾቶ ላይ ቁሙ፤ አልጋው ተራ ቢሆንም ማለዳ ትነሳላችሁ። እሑድ አመሻሽ ላይ ብትገቡም ሰኞ ሥራ ትደርሳላችሁ። ይህን ለወንድምሽ መንገድ ላይ ሳይሆን ዛሬ ማታ፣ እናትሽ ባሉበት ንገሪው፤ እሳቸው «እሺ በለኝ» ካሉት መንገድ ላይ ክርክር አይኖርም። በሰላም ደርሳችሁ በሰላም ተመለሱ።